ማን ስድስት ላይ አደረገው?

አሶሳ ውስጥ ሞተር የሚተኛው በግራ ጎኑ ነው። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ ክረምት ሲገባ ገበያው ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። ስታንዱ በግራ ነው። ከግንቦት ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ቀዩን አፈር ያቦካዋል፤ ባለቤቱ ሻይ አዝዞ ወሬ ሲጀምር ስታንዱ መስመጥ ይጀምራል፤ ወሬው ሲሞቅ ሞተሩ ጋደም ይላል። ቀድሞ መሬት የሚነካው የመሪው ግራ ጫፍ ሲሆን እዚያ ያለው ደግሞ የፍሪሲዮኑ እጀታ ነው። ስለዚህ በከተማችን የግራና የቀኝ እጀታ እኩል ዕድሜ አልተሰጣቸውም። የፍሬኑ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል፤ የፍሪሲዮኑ በወጣትነቱ ይቀጫል።

ያማሃዎች ይህን የተረዱ ይመስለኛል። ኤጂ 100 የምትባለዋን ሞተር ለእርሻ ሥራ ብለው ሲሠሯት ስታንድ በሁለቱም ጎኗ አደረጉላት፤ እጀታዎቿ ፊት የብረት መከላከያ ገጠሙላት፤ ገበሬው ወርዶ የግጦሹን በር ከፍቶ እስኪዘጋ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ የሚይዝ መቆለፊያ ሳይቀር ጨመሩላት። እንዲህ ያለችው ሞተር ግን የሥራ እንጂ የሰፈር ሞተር አይደለችም። እኛ በግላችን የምንነዳቸው ቦክሰሮች፣ ቲቪኤሶችና አፓቺዎች ግን የጎን ስታንዳቸው በግራ ብቻ ነው።

እጀታው ሲሰበር ሰው ሁሉ ወዲያው አዲስ ይገዛል ብሎ የሚያስብ ካለ አሶሳን አያውቃትም። መጀመሪያ በቀረችው ጉማጅ ይነዳል። በሁለት ጣት እየጨበጡ መኸር የሚያልፋቸው አሉ። ጉማጇም ስታጥር ወደ ብየዳ ቤት ይኬዳል፤ በያጁ ግን አሉሚኒየም በተራ ዘንግ አልያያዝ ብሎ ስላስቸገረው ከጎኑ የፌሮ ቁራጭ አስደግፎ በሽቦ ይጠመጥመዋል። እንዲህ የታከመ እጀታ ክብደቱ ብቻ መሪውን ወደ ግራ ይስበዋል። አንድ የማውቀው ነጂ «ቀጥታ ስሄድ ትንሽ ወደ ቀኝ አስባለሁ» ይል ነበር።

እኔ ሞተር አለኝ። ይህ አነጋገር በእኛ ግቢ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኔ ሞተር አለኝ ማለት ስሙ በእኔ ይሁን እንጂ ግቢው በሙሉ ሞተር አለው ማለት ነው። መምህርት የሆነችው ባለቤቴ ጠዋት ትይዘዋለች። ጎረቤቴ ለቅሶ ሲኖርበት ይወስደዋል፤ ለቅሶ ደግሞ ሁልጊዜ አለ። የጎረቤቴ የእህት ልጅ የራሱ ሞተር ጋራዥ በገባ ቁጥር በእኔው መንገደኛ እየጫነ ሆሞሻና ባምባሲ ይመላለሳል፤ የእሱ ሞተር ጋራዥ የማይገባበት ሳምንት ያለ አይመስለኝም። የቀበሌው ሰው «ለአንድ አፍታ» ይለኛል። እኔ ቅዳሜና እሁድ እነዳለሁ፣ ካገኘሁት።

የግራው እጀታ ባለፈው ክረምት እንደ ወጉ ሲሰበር፣ የእህት ልጁ ይሉኝታ ተሰምቶት መሆን አለበት፣ ከአዲስ አበባ ጥንድ እጀታ አስመጣልኝ። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በአንድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ ተጠቅልሎበት ደረሰ። ሲፈታ ግቢው ተሰበሰበ። ቀይ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሞተሩ ሲወድቅ ከመሰበር ይልቅ ይታጠፋል ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ማዞሪያ አለችው፤ ማዞሪያዋ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእጅዎ ልክ ነው የሚሰፋው» አለኝ። «አንድ ላይ ሲያደርጉት ከመጨበጫው ይርቃል፤ ስድስት ላይ ሲያደርጉት ይጠጋል። ጣትዎ ረጅም ከሆነ ወደ አንድ፣ አጭር ከሆነ ወደ ስድስት።»

ቁጥር ለአሶሳ ሰው ባዕድ አይደለም። በ1970ዎቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ወላጆቻችን የተመደቡባቸው መንደሮች መጠሪያቸው ቁጥር ነበር፤ ዛሬም መገሌ 33 ወይም አምባ 14 ብሎ አድራሻውን የሚናገር ሰው እንግዳ ካልሆነ በቀር ማንንም አያስገርምም። ስለዚህ ባለ ስድስት ቁጥር እጀታ መምጣቱን ግቢያችን በጸጋ ተቀበለው። ጎረቤቴ ብቻ ማዞሪያዋን አገላብጦ አየና «ሰባትስ ለምን አልጨመሩም?» አለ። ለምን ሰባት እንደሚያስፈልገው አልተናገረም።

ለመግጠም ወደ ሼሁ ሄድን። ሼሁ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ማንጎ ሥር የሚሠሩ የበርታ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ጋራዥ የላቸውም፤ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ ዱካ፣ አንድ ማንጎ አላቸው። ማንጎው ሲያፈራ ዋጋ ይጨምራሉ የሚል ወሬ አለ፤ እኔ አላየሁም። ፍሬው ሲበስል ሞተር ላይ እንደሚወድቅ ግን አይቻለሁ።

ሼሁ ቀዩን እጀታ ተቀብለው በፀሐይ አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጌጥ ነው ወይስ ፍሬን?»

«ሁለቱም ነው፣ ሼህ።»

«ሁለቱም የሆነ ነገር አላምንም» አሉና ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

ሥራው ራሱ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የገመዱ መወጠሪያ ወደ ውስጥ ይዞርና ገመዱ ይላላል። መወጠሪያው፣ ማጥበቂያ ቀለበቱና እጀታው እያንዳንዳቸው ስንጥቅ አላቸው፤ ሦስቱ ስንጥቆች አንድ መስመር ሲገጥሙ ገመዱ ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ የማጠፊያው ብሎን ከነዳዶው ይፈታና አሮጌው እጀታ ይለቀቃል። ሼሁ አሮጌውን ወዲያው አልጣሉትም። ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን ቦኮላ በጥፍራቸው ገፍተው አወጧትና በኪሳቸው ከተቷት። አዲሱ እጀታ ከነቦኮላው ካልመጣ፣ ወይም ይዞት የመጣው ከሰፋ፣ እጀታው ብሎኑ ላይ እየተወዛወዘ ይኖራል። ከፋብሪካ የመጣችውን ቦኮላ ከአሮጌ እጀታ ጋር ወርውሮ በኋላ ቆሻሻ ውስጥ የሚፈልግ መካኒክ እንዳለ ሼሁ በስም ጠርተው ነገሩን፤ ስሙን እኔ ልተወው።

በነገራችን ላይ ይህ በሽፋን ቱቦ ውስጥ የሚሮጥ የብረት ገመድ ኧርነስት ቦውደን የተባለ ሰው በ1896 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ይህንን ለሼሁ ነገርኳቸው። «ግራሶ ይቀባ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ቀቡት፤ የገመዱን ራስም፣ የማጠፊያውን ብሎንም። ብሎኑን ሲያስሩ ደግሞ እጀታው በነፃነት እስኪመለስ ብቻ ነው ያጠበቁት፤ ዳዶውን ከሥር አሰሩበት። ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ እጀታው ተጨብጦ ይቀራል፣ መመለስ ያቅተዋል።

ሼሁ ጊዜያቸውን የወሰዱት ከዚያ በኋላ በመጣው ጉዳይ ላይ ነው። የፍሪሲዮን እጀታ ሲጨበጥ መጀመሪያ ባዶውን የሚሄድባት ትንሽ ርቀት መኖር አለባት፤ ከሥሩ ሲለካ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር። ወጣት ነጂዎች ይህችን ባዶ ርቀት አይወዷትም፤ እጀታው እንደተነካ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉና ገመዱን ይወጥሩታል። የተወጠረ ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ አይይዝም፤ ሸራዎቹ ተንሸራትተው እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ሸራው እየተበላ በሄደ ቁጥር ደግሞ ያቺ ባዶ ርቀት ራሷ እያነሰች ስለምትሄድ ዛሬ ልክ የሆነው ከወራት በኋላ ጠባብ ይሆናል። ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ በቆሎ ጭኖ ዳገት ላይ የሚጮኽ ሞተር ካያችሁ፣ በቆሎውን አትውቀሱት።

ሼሁ መለኪያ የላቸውም። ወደ እኔ ዞር ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«የባንክ ካርድህን አምጣ።»

አመጣሁ። የእህት ልጁንም ካርድ ተቀበሉ። ከአንድ ሻይ ጠጪም አንድ ተጨመረ። ሻይ ጠጪው ሲሰጥ እጁ ትንሽ አመነታ።

«ሼህ፣ የእኔው እኮ ምንም ገንዘብ የለበትም።»

«ውፍረት አለው» አሉት።

አንዱ የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱን ደርበው በእጀታውና በመያዣው መካከል ሲያስገቧቸው 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ መወጠሪያውን ካርዶቹ ያለ ጫና እስኪገቡና እስኪወጡ አዞሩት። በሕይወቴ የባንክ ካርዴ ያለ ምንም ኮሚሽን ያገለገለኝ ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ የቀኙ መጣ። የእኔ ሞተር የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ በገመድ ሳይሆን በዘይት ይሠራል። ሼሁ እዚህ ላይ ቀልድ አቆሙ። የፍሬኑ እጀታ በውስጥ በኩል ጉብ ያለች ነገር አለችው፤ ስንጨብጥ ፒስተኑን የምትገፋው እሷ ናት። ፒስተኑ ፊት ለፊት ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለች። አዲሱ እጀታ ያቺ ጉብታ ትንሽ ረዘም ብላ ከተሠራች፣ እጀታውን ሰው ሳይጨብጠው እንኳ ፒስተኑን በጥቂቱ ገፍታ ታቆየዋለች፤ ቀዳዳዋ ትደፈናለች። መንገድ ላይ ፍሬኑ ሲሞቅ ዘይቱ ይስፋፋል፤ የሚመለስበት ስለሌለው ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ይገፋል፤ ፍሬኑ ሳይታዘዝ ይይዛል። ሲይዝ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይብሱን ይይዛል። የፊት ጎማ በዚህ ሁኔታ የሚቆመው ነጂው በመረጠው ቦታ አይደለም። ቆንጆ ቀይ እጀታ ያስገጠመ ሁሉ ከሚያልፉት ሰዎች አድናቆት ይልቅ በጉብታዋና በፒስተኑ መካከል ያለችውን ፀጉር የምታህል ክፍተት መጠየቅ ነበረበት።

ሼሁ እጀታውን በጠቋሚ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ትንሽ እንደሚወዛወዝ ሰሙት፤ አዩት ማለቴ አይደለም፣ ሰሙት። ከዚያ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ አስገብተው የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሱ፤ ጎማውን አሽከረከሩ፤ ፍሬኑን ጨብጠው ለቀቁ፤ እንደገና አሽከረከሩ። በነፃ ዞረ። ወደ ኋላ ሄደውም የፍሬን መብራቱ እጀታው ሲጨበጥ መብራቱንና ሲለቀቅ መጥፋቱን አዩ፤ አንዳንዱ ባዕድ እጀታ የመብራቷን ማብሪያ ስለማይነካት ከኋላ የሚመጣው ሰው ምንም ሳያውቅ ይደርስብሃል።

«ባይሆን ኖሮ ጉብታዋን በሞረድ እንፍቃት ነበር» አለ የእህት ልጁ።

«ፍሬን አይሞረድም። ካልሆነ ይመለሳል።»

«ሼህ ደግሞ! አባይን ያቆመ ክልል አንድ ሞተር ማቆም ያቅተዋል?»

ልጁ የጉባውን ግድብ ማለቱ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በክልላችን ማንኛውም ክርክር እዚያ ደርሶ ሳይመለስ አይቀርም። 5,150 ሜጋ ዋት ከጀርባው ያደረገ ሰው ደግሞ በክርክር ቶሎ አይሸነፍም። ሼሁ ቀና ሳይሉ መለሱለት።

«አባይ ላይ ሦስት ሰው አልተፈናጠጠም።»

ከዚያ የእጀታዎቹ አቀማመጥ ቀረ። ሼሁ እኔን ሞተሩ ላይ አስቀምጠው ዓይኔን እንድጨፍን አዘዙኝ። ክንዴን እንዳመጣሁት ጣቶቼ እጀታው ላይ መውረድ አለባቸው፤ አንጓዬ ወደ ላይም ወደ ታችም መታጠፍ የለበትም። እጀታዎቹን ትንሽ ወደ ታች አዘነበሏቸው። መያዣዎቹን ደግሞ እንዳይንሸራተቱ ያህል ብቻ አሰሯቸው፤ ሞተሩ ሲወድቅ መያዣው መሪው ላይ ዞሮ ድብደባውን እንዲያሳልፍ። እዚህ ጋ የእህት ልጁ «አጭሩን ዓይነት ባመጣሁ ኖሮ የእሽቅድምድም ይመስል ነበር» አለ። እኔ በዚህ ከሼሁ ጎን ነኝ፤ አጭር እጀታ በሁለት ጣት ለሚጨብጥ፣ ብቻውን ለሚነዳ፣ ጥሩ ዲስክ ላለው እሽቅድምድመኛ ነው። እጀታ ባጠረ ቁጥር ጉልበት ይቀንሳል፤ የገመድ ፍሬን ባለው ቦክሰር ላይ ሁለት ተሳፋሪና አንድ ፍየል የጫነ ሰው አራቱም ጣቶቹ ያስፈልጉታል። አምስተኛውንም ቢጨምር አልቃወመውም።

እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር። ችግሩ የጀመረው ሞተሩ ወደ ግቢ ሲመለስ ነው።

ይህን እጀታ የሠሩት ሰዎች በአእምሯቸው አንድ ሰው ነበራቸው። ይህ ሰው ሞተር አለው፣ እጅ አለው፣ ቁጥሩን አንዴ ይመርጣል፣ ከዚያ ወደ ገጠር ሄዶ ይዝናናል። ሞተሩን የሚዋሰው የለም። በእኛ ግቢ ግን ከስድስቱ ቁጥሮች አብዛኞቹ በሳምንቱ መጨረሻ ባለቤት አግኝተው ነበር። ጎረቤቴ፣ የመዳፉ ስፋት አንድ ዳቦ የሚሸፍነው ሰውዬ፣ አንድ ላይ። የእህት ልጁ ሁለት ላይ። እኔ ሦስት። ባለቤቴ አምስት። ማን ሞተሩን እንደወሰደ መጠየቅ ቀረ፤ ቁጥሩን ማየት በቂ ሆነ። ቀበሌው «እኛ ጋ አልነበረም» ሲል እጀታው ሁለትና ሦስት መካከል በትክክል ሳይገባ ቆሞ ነበር፤ ይህን የሚያደርገው ማንበብ የማይወድ ሰው ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከእኔ ትበልጣለች በዚህ ነገር። ጠዋት ሞተሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሁለቱን ማዞሪያዎች ታያለች፣ ከዚያ ወደ ቤት ዞር ብላ «ትናንት ማታ ለቅሶ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። አንድ ላይ ነዋ።

አንድ ቀን ግን የእህት ልጁ ሁለት ሰው ጭኖ ከሰፈር ሲወጣ ማርሹ አልገባ አለው። ተንጫረረ። ፎሌ ፈለገ፣ አጣ። ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እንደያዘ ሞተሩ እየጎተተ ወደፊት ይሄዳል። አንደኛዋ ተሳፋሪ ወርዳ በእግሯ እንደምትሄድ ገለጸች። ልጁ ወደ ሼሁ ገፍቶ አደረሰውና «ፍሪሲዮኑ ተበላሽቷል» አለ። ሼሁ ተጎንብሰው አዩት።

«ማን ነው ስድስት ላይ ያደረገው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥሩ እጀታውን ወደ መጨበጫው ሲያቀርበው የሚሄድበትን መንገድም ያሳጥርበታል። ስድስት ላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመሳቡ በፊት መጨበጫውን ይነካል፤ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ይቀራል፤ ስለዚህ ማርሽ ይንጫረራል። በፍሬን በኩልም እንዲያው ነው፤ እጀታው ሙሉ ኃይሉን ሳይሰጥ መጨበጫው ላይ ይደርሳል። ትንሽ እጅ ላለው ሰው የተሠራው ቁጥር፣ ገመዱ በልኩ ካልተስተካከለ፣ ለማንም የማይሆን ቁጥር ነው። ሼሁ ለማረጋገጥ ፍሬኑን በሙሉ ጉልበታቸው ጨብጠው በእጀታውና በመጨበጫው መካከል የሌላ እጃቸውን ጣት ሊያስገቡ ሞከሩ። አልገባም።

ያን ምሽት ግቢያችን ቡና ላይ ተቀመጠ፤ ጉዳዩ ስድስት ነበር። ሁሉም ቁጥሩን አስታወቀ። ባለቤቴ «እኔ አምስት ነኝ፣ አምስት ሆኜ አርጅቻለሁ» አለች። ጎረቤቴ መዳፉን ዘርግቶ አሳየ፣ ተቀባይነት አገኘ። የቀበሌው ሰው ያልተጠራ ቢሆንም ስሙ ተነሣ። የጎረቤቴ እናት እቴቴ፣ ሞተር ላይ ወጥተው የማያውቁት፣ ለጥንቃቄ ያህል «እኔም አይደለሁም» አሉ። ከዚያ የጀበናው ጭስ ከወዲያ የልጆች ሹክሹክታ ተሰማ። ቆሞ ያለው ሞተር ላይ ተራ በተራ እየወጡ በአፋቸው እያጓሩ ኩርሙክ ደርሰው የሚመለሱት የሰባትና የስምንት ዓመት ነጂዎች እነሱ ናቸው። ትንሿ ለፍርድ ቀርባ ስትጠየቅ መከላከያዋ አጭር ነበር።

«እጄ የሚደርሰው እሱ ላይ ነዋ።»

እጀታውን የሠሩት ሰዎች እንዳሰቡት አድርጋ የተጠቀመችበት እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ሼሁ ሁለቱንም ማዞሪያዎች አራት ላይ አድርገው በቀጭን ሽቦ አሰሯቸው፤ ባዶ ርቀቱንም በዚያው ልክ አስተካከሉ፣ ካርድ እንደገና ተሰበሰበ። አራትን ማንም አልወደደውም። ለጎረቤቴ ቀረበ፣ ለባለቤቴ ራቀ፣ እኔ ከሦስት ጋር ገና መላመዴ ነበር። ባለቤቴ «እንግዲህ ሁላችንም እኩል ካልተመቸን ምን ይደረጋል» ብላ ቁልፉን ይዛ ወጣች።

ከቀናት በኋላ ጎረቤቴ ለአጥር የሚሆን ሽመል ሊያመጣበት ሞተሩን ለመነኝ። ረጃጅሙን ቀርቀሃ በጎንና በጎን ጠፍሮ፣ መንገዱን በሙሉ ይዞ፣ ከብትና ሰው እየበተነ ተመለሰ። ገና ሳይወርድ ጮኸ።

«ቁጥሩን አልነካሁም! አራት ላይ ነው፣ እየው!»

አየሁት። እውነቱን ነው፤ ሽቦውም አልተፈታም፣ አራት ላይ ነው። የግራው መስታወት ግን አብሮት አልመጣም።